ዘጠኝ ስፌት

ካርቱም፣ አርካዊት
ጥቅምት 22 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሙሐመድአወል፣
ሐርቡ፣ የልብስ ስፌት ሱቅ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከአባይ ዳር ተነሥቶ ቦርከና ዳር ካሉበት ይድረስዎ። ቀኑን የጻፍኩት በእናንተ አቆጣጠር ነው። አማርኛዬ የእናቴ የጓዳ አማርኛ ስለሆነ ብሳሳት ይለፉኝ።

እኔ የእህትዎ የመዲና ልጅ ረሺድ ነኝ። ልጅ ሳለሁ በስም ያውቁኝ ነበር። እናንተ ሁለታችሁ መጻጻፍ ካቆማችሁ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ መርዶ በመሆኑ በጣም አዝናለሁ። እናቴ ነሐሴ 14 ቀን ወደ አኼራ ሄዳለች። ኩላሊቷ ነበር። እስከ መጨረሻው ሳምንት ሰው ቤት ልብስ እየተኮሰች ነበር፤ ተይ ብላት አልሰማችኝም።

ከአልጋዋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። የአንቱ ደብዳቤዎች ሁሉ ውስጡ አሉ፤ ሃያ ስድስት ናቸው። የተሰፉበት ቀይ ክር እንኳ አልተጣለም። የእያንዳንዱ ክር ከወረቀቱ ጋር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ይህን ቢያውቁ ይወዳሉ ብዬ ነው።

አላህ ጽናቱን ይስጥዎ።
የእህትዎ ልጅ ረሺድ


ሐርቡ
ኅዳር 30 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለረሺድ

ወዓለይኩም ሰላም። ሰላምታህ ደርሶኛል፤ ከሰላምታው ኋላ የነበረውም ደርሶኛል። አንተንም ጀሊሉ ያጽናህ። ግን ሁለት ወር ሙሉ ምን ይዞህ ነው የቆየኸው? እህቴ አፈር ለብሳ እኔ እዚህ የሰርግ ልብስ ስሰፋ ነበር።

ሱቄን ዘግቼ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሐርቡ ሁሉ ለቅሶ መጣ። ለአሥራ ሦስት ዓመት እህት የለኝም እያልኩ ስምል የሰማኝ ሰው ሁሉ ገብቶ «አላህ እህትህን ይርሐማት» አለኝ። እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቀኝ።

ታሪኩን ታውቀው እንደሆነ እንጃ። በየካቲት 1986 እናታችን አልጋ ያዘች። የመዲናን ስም እየጠራች አላስቀምጥ ስትለን «ድረሺላት፣ ነይ» ብዬ ጻፍኩ። የመጣው መልስ እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፦ «መምጣት አልችልም። አሠሪዎቼ አይለቁኝም። እናንተው አስታሟት።» እማ በሚያዝያ ዓይኗን በር ላይ እንደጣለች ሞተች። እኔም በንዴት «ከእንግዲህ እህት የለኝም» ብዬ ጽፌ፣ ሰፍቼ ላክሁ። ለዚያ መልስ አልመጣም።

አሁን ሞታለች፤ የሞተ አይወቀስም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያኔ ልጅ ብትሆንም ቤት ውስጥ ነበርክ። የየካቲቱ ደብዳቤ ሲነበብላት ምን አለች? ፊቷ ምን መሰለ? ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።

ስልክ እንዳትደውልልኝ። ስልክ ተናግሮ ያልፋል፤ ደብዳቤ ግን እንደገና ይነበባል። ምን ሥራ እንደያዝክም ጻፍልኝ።

አጎትህ ሙሐመድአወል


ካርቱም፣ አርካዊት
ጥር 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎን፣ የቤተሰቡንም ጤና አላህ ያብዛው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ በቀይ ክር፣ በዘጠኝ ስፌት ተሰፍቶ ደረሰኝ። እናቴ እንደምታደርገው በጣቴ ቆጠርኩት። እሷ ደብዳቤ ሲመጣ ዐንገሬብ የምንለው የገመድ አልጋዋ ላይ ትቀመጥና ስፌቱን ትዳስሳለች። ዘጠኙ ሲሞላ፣ የመጨረሻዋንም ቋጠሮ ስታገኝ «ማንም አልነካውም። ይህን ቋጠሮ ከወንድምዓለም በቀር የሚያስር የለም» ትላለች፤ እርስዎን ወንድምዓለም ነበር የምትልዎት። ከዚያ ነው የሚነበብላት።

ስለ የካቲቱ ደብዳቤ ጠይቀውኛል። እናቴ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም ነበር። እኔም ልጅ ነበርኩ።

ስለ ሥራዬ ልንገርዎ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዬን እያጠናሁ ነው፤ ትምህርቴ ፊዚክስ ነው። መምህሬ ዶክተር በክሪ ይባላሉ። የምጽፈው ምስጢርን በብርሃን ስለመላክ ነው፤ ኳንተም ይሉታል። ብርሃን እየደከመ ሲሄድ መጨረሻ ላይ ቅንጣት በቅንጣት ነው የሚመጣው። አንዷ ቅንጣት ለሁለት አትከፈልም፣ ግልባጭም አይወጣላትም። ላኪው በነዚህ ቅንጣቶች ደብዳቤውን ሳይሆን የደብዳቤውን ቁልፍ ይልካል። ሌባ መንገድ ላይ አንዷን ልይ ቢል መልኳ ይበላሻል። ላኪና ተቀባይ ከደረሱት ጥቂቶቹን ያስተያዩና መነካት አለመነካታቸውን ያውቃሉ። ከተነኩ ቁልፉን ጥለው እንደገና ይጀምራሉ።

የኔ ድርሻ ይህ ነገር የት ላይ እንደሚሸነፍ መፈለግ ነው። ለምሳሌ ቅንጣቶቹን የሚልከው መብራት አንዳንዴ በአንድ ፋንታ ሁለት ቅንጣት ይተፋል። ያኔ ሌባው አንዷን ያስቀርና ሌላዋን ያሳልፋል፤ ማንም አያውቅበትም። መሣሪያው እኛ ጋ የለም። በወረቀትና በአንዲት ኮምፒውተር ነው የምንሠራው፣ እሱም መብራት ሲኖር።

ሌሎች ቀዳዳዎችም አሉ። ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ ኢንሻአላህ።

ረሺድ


ሐርቡ
መጋቢት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለተማረው ለእህቴ ልጅ

ሰላምታዬ እንደ መጋቢት በልግ ይዝነብብህ። ደብዳቤህን ለሐርቡ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ አነበብኩላቸው። «እነዚህ በትልቅ ትምህርት ቤት የሚመራመሩበትን እኔ በአንድ ክንድ ክር ሠርቼዋለሁ» ብላቸው «አንተ ድሮም ጉረኛ ነህ» አሉኝ። ይበሉ።

ስፌቱን የጀመርኩት በ1979 ነው። ያኔ ደብዳቤ በመተማ በኩል በነጋዴ እጅ ነበር የሚሄደው። አንዱ እየከፈተ ያነብና የቤታችንን ወሬ ከኛ ቀድሞ ገበያ ያወጣዋል። እኔም ዘጠኝ ስፌት ሰፍቼ በራሴ ቋጠሮ ዘጋሁት። መፍታት ማንም ይፈታዋል፤ መልሶ መቋጠር ነው ችግሩ። ስለ ሁለቱ ቅንጣት ያልከውም ገብቶኛል። በድርብ ክር የተሰፋ ልብስ አንዱን ክር ብትመዝበት ሌላው ይይዛል፤ ደንበኛው አያውቅም። ክር በተወደደ ጊዜ እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ሌባው መንገድ ላይ ባይሆንስ? ክሩ ሳይነካ፣ ዘጠኙም ሞልቶ ደርሶ፣ ሌባው አንባቢው ራሱ ቢሆንስ? የናንተ ብርሃን ይህን ያውቃል?

ይህ ሐሳብ ከገባብኝ ወዲህ ሌላ ነገር አላስብም። መዲና ያንን መልስ የምትሰጥ ሰው አልነበረችም። ደብዳቤ የሚያነብላትና የሚጽፍላት ጸጋዬ የሚባል የደሴ ሰው ነበር፤ ጎረቤታችሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። አሁን አርጅቶ ደሴ ገብቷል፤ ቤቱን አውቀዋለሁ። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ክር ልገዛ ስወጣ ደጁ ላይ ቆሜ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ምን አድርገንህ ነው?» እለዋለሁ። ዓይኔ ደክሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኛል። ሰው ላይ ግን አልሳሳትም።

አጎትህ


ካርቱም
ሚያዝያ 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ደሴ እንዳይሄዱ። ጋሽ ጸጋዬን አንድ ቃል እንዳይናገሩት።

ሰላምታዬን ወደ ኋላ ስላደረግሁ ይቅርታ። ይህን ደብዳቤ ፋሪሃ የምትባል፣ «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የሐርቡ ልጅ ነገ ይዛው ትሄዳለች። እንድትፈጥን ለምኛታለሁ።

ጋሽ ጸጋዬ በ1985 ከአርካዊት ወደ ገዳሪፍ ሄዷል። ከመሄዱ በፊት እኔን ፊደል አስተማረኝ። «በል እንግዲህ ለእናትህ ዓይን ሁናት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዎን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። መልሱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ገማል እናቴን የፈታት አምስት ዓመቴ ሳለ ነው። የየካቲቱ ደብዳቤ ከመምጣቱ ጥቂት ቀን በፊት ጀብራ የሚባለው ሰፈር ሄጄ የአባቴ እህት ኑሲባ ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማኋት። «ኸላስ፣ ይህች ሐበሻ አንድ ቀን አገሯ ከገባች አትመለስም። ወለዱ ግን የኛ ነው፣ እዚሁ ይቀመጣል።» ወለድ፣ ልጅ ያለችው እኔን ነው። ሲነጋ እናቴ ጥላኝ ትሄዳለች፣ ኑሲባም ትወስደኛለች ብዬ ያን ሰሞን የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ ነበር የምተኛው።

ደብዳቤው ሲመጣ እናቴ ስፌቱን ቆጠረች። «ማንም አልነካውም። በል አንብብልኝ» አለች። ዓይኔ ቀድሞ መሀሉ ላይ ወደቀ፤ እማ ልትለየን ነው፣ ነይ ይላል። አፌ «እማ ደህና ናት» አለ። ዝናቡ ጥሩ ነው አልኩ። ወረቀቱ ረጅም ነበር፤ ቶሎ ብጨርስ ታውቅብኛለች ብዬ ላሟ ወለደች ብዬ ጨመርኩ።

እናቴ ብድግ አለች። «ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት።»

«መልኳስ?»

«ቀይ። ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት።»

«እሰይ፣ እሰይ! ቦቃ በሏት ብለህ ጻፍልኝ!»

እሷ ስለ ቦቃ ስትናገር እኔ ፊቷ ተቀምጬ «አሠሪዎቼ አይለቁኝም፣ እናንተው አስታሟት» ብዬ ጻፍኩ። ለሳምንታት ለሰው ሁሉ ስለ ጥጃዋ ታወራ ነበር። «እህት የለኝም» ያሉበት ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ ሰላምታ ብቻ አድርጌ አነበብኩላት።

በመስከረም 1987 ሉጥፊያ የምትባል የባቲ ሴት መጥታ አያቴ መሞቷን ነገረቻት። እናቴ አልቅሳ ሲወጣላት ቆርቆሮውን አወጣች። ክሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። «ማንም አልነካውም» አለች። «መንገዱ ንጹሕ ነው። እንግዲያ የእናቴን ሞት የደበቀኝ ወንድምዓለም ራሱ ነው።» ሉጥፊያ «እስኪ ለሌላ ሰው አስነብቢው» ብላት «ልጄ አንብቦልኛል» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲያ ጻፍ ብላኝ አታውቅም።

የጠየቁኝን ጥያቄ ዶክተር በክሪም ጠይቀውኛል። መልሱ «አያውቅም» ነው። ብርሃኑ መንገዱን ይጠብቃል እንጂ ከወዲያኛው ጫፍ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አያውቅም። ሌባው በመሀል ተቀምጦ ለላኪው ተቀባይ፣ ለተቀባዩ ላኪ መስሎ ከሁለቱም ጋር ቢነጋገር ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ይመጣል። መድኃኒቱ አንድ ነው። ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው የሚያውቁት፣ እየተጠያየቁ የሚተዋወቁበት ትንሽ ምስጢር ሊኖራቸው ይገባል። ሌላው ሰው በአንድ ወር የሚጽፈውን ይህን የጥናቴን ምዕራፍ እኔ ዓመት ፈጀሁበት።

እናቴ ስትታመም ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ጋሽ ጸጋዬን ግን እንዳይነኩት ወላሂ እለምንዎታለሁ።

ረሺድ


ካርቱም
ሐምሌ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

አጎቴ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ፋሪሃ ሐርቡ መድረሷን ሰምቻለሁ። መልስ አልደረሰኝም። መልስ ባይጽፉልኝም አልቀየምም። ጋሽ ጸጋዬ ዘንድ መሄድ አለመሄድዎን ብቻ በማንም አፍ ይላኩብኝ።

ረሺድ


ሐርቡ
መስከረም 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለረሺድ

አዲሱ ዓመት ለሰው ሁሉ የደስታ ይሁን። ለኔ አልሆነም።

ፋሪሃ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት፣ ወረቀቷ እስኪታይ አሥራ አንድ ቀን ቆይታለች። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ከደሴ ተመልሼ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ጸጋዬን በልጆቹና በልጅ ልጆቹ ፊት ሌባ ብዬዋለሁ። ሽማግሌው በከዘራው ተደግፎ ወጣና «እኔ ለሕፃኑ ፊደል ነው ያስተማርኩት» ብሎ አለቀሰ። እኔ ደግሞ ማልቀሱን የጥፋቱ ምስክር አድርጌ ቆጥሬ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ያንተን ሳነብ መቀሱን ወረወርኩት። ከዚያ አራት ወር ረገምኩህ። አልዋሽህም፣ በሶላቴ መሀል ሳይቀር ረገምኩህ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ይዤ ጸጋዬ ደጅ ተመለስኩና እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ተነሥ፣ ይቅር ብያለሁ። ልጁንም ይቅር በለው። ዓይን ሁናት ያልኩት እኔ ነኝ። ለአንድ ሕፃን የማይሆን ሸክም ነው ያሸከምኩት» አለኝ።

ከደሴ ስመለስ ስለ ትንሿ ምስጢር የጻፍከውን ደግሜ አነበብኩት። መዲና ልጅ ሳለች የስፌት መኪናዬን ፔዳል ዘይት የምትቀባው እሷ ነበረች። አገር ከለቀቀች በኋላ በየደብዳቤዋ መጨረሻ «ፔዳሉ አሁንም ይጮሃል ወይ?» ሳትል አትዘጋም ነበር። በዚያ ክፉ ደብዳቤ ላይ ግን ስለ ፔዳሉ አንድ ቃል የለም። አይቼዋለሁ፣ ረሺድ። ያን ዕለት አይቼዋለሁ። «ኮርታ ረሳችው» አልኩ እንጂ «ይህ የመዲና ቃል ነው ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። አንተ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርክ። እኔ አርባ አምስት ዓመቴ ነበር።

ላም አልነበረንም። ለእማ ሕክምና ሸጠናት ነበር። ስለ ቦቃ ያነበብኩ ቀን ሥራ አልሠራሁም።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። መቃብሯ ዘንድ ሂድ። የየካቲቱን ደብዳቤ አውጣና ቃል ሳትጨምር፣ ቃል ሳትቀንስ አንብብላት። ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አልደረሰም፤ አድራሹ አንተ ነበርክ፣ አንተው አድርሰው። እህት የለኝም ያልኩበትን ግን አታንብብላት። ቅደደው። እሱን በሰላምታ የለወጥክባት ውሸትህ አንድ የጠቀመኝ ውሸት ነው፤ እሷ ሳትሰማኝ ሞታለች።

ይህን ደብዳቤ አልሰፋሁትም። ዓይኔ እምቢ አለኝ። ደግሞም የሚከፍተው ይክፈተው።

አጎትህ ሙሐመድአወል


ካርቱም፣ አርካዊት
ኅዳር 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። ለጋሽ ጸጋዬም ለብቻ ጽፌለታለሁ።

ጁምዓ ጠዋት ሄድኩ። የመቃብሩ ጠባቂ ቁርአን የምቀራ መስሎት ራቅ አለልኝ። ቆርቆሮውን ከፍቼ ደብዳቤውን አወጣሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፦ «እቴ መዲና፣ እማ አልጋ ከያዘች ሦስት ሳምንቷ ነው። እህል አልወስድ ብላለች። በሩን አትዝጉት፣ መዲና ትገባለች ትላለች። ብርዱ ክፉ ነው፣ እኛ ግን አልዘጋነውም። ልትለየን ነው፤ ድረሺላት፣ ነይ።»

«ነይ» የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጥኩ። ቃል ሳትቀንስ ብለውኛልና ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። ሲያልቅ ጥጃ አልነበረችም አልኳት። ፀሐዩ እስኪከር እዚያው ተቀመጥኩ። ሁለተኛውን ቀድጄዋለሁ፤ ክሩን ግን አልጣልኩትም።

የፔዳሉን ጥያቄ በሐሰተኛው ደብዳቤ ላይ ሳልጽፍ የቀረሁት ረስቼው አይደለም። ሌላውን ሁሉ ዋሽቼ ስጽፍ እሱን መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። አሁንም በእናቴ ቦታ ሆኜ እሱን ልጠይቅዎት አይገባኝም። የራሴን ልጠይቅ።

መርፌዎ ውስጥ ክር ማን ያስገባልዎታል? ታኅሣሥ ላይ ሦስት ሳምንት ዕረፍት አለኝ። ዓይኔ ደህና ነው።

የመዲና ልጅ ረሺድ